ለሩዝ የሚጠነቀቅ ነጋዴ ለሐኪም ምርጫ ለምን ይቸኩላል?

በሐሙሲት ገበያ የፎገራ ሩዝ የሚገዛ ነጋዴ ጆንያው ሳይፈታ ዋጋ አይቆርጥም። ከመሀል ዘግኖ ስባሪውን ያያል፤ ሚዛኑንም ይጠራጠራል። ይኸው ሰው ወንድሙ እንቅልፍ አጥቶ ለብቻው መናገር ሲጀምር ግን ነገሩን ከጎረቤት ሸሽጎ፣ ስሙን በወሬ የሰማውን ሐኪም ፍለጋ አዲስ አበባ ይገባል።

ለመሸሸጉ ምክንያት አያጣም። ዱቤ የሚሰጠው ለስም ነው፤ በቤቱ የአእምሮ ሕመም አለ ከተባለ እህል በእምነት የሚያራግፍለት እንዳያጣ ይፈራል። ይሁንና ሕመሙ ሲደበቅ ይብሳል፣ ሱቁ የሚዘጋበት ቀን ይበዛል፣ የተፈራለት ስምም አይተርፍም።

አዲስ አበባ መሄድ ቀደም ሲል ግድ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ትምህርቱ ባሕር ማዶ የሚፈለግ ነበር። አሁን በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ በጎንደርም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ሐሙሲት ደግሞ ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው መንገድ ላይ ናት።

ሒሳቡ መሠራት ያለበት በመጀመሪያው ቀን የካርድ ክፍያ አይደለም። ትልቁ ወጪ ክትትሉ ነው። የድብርት መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በ8ኛው ቀን "አልሠራም" ብሎ ሐኪም የሚለውጥ ቤተሰብ፣ እሸቱን አጭዶ ምርቱ አነሰ እንደሚል ገበሬ ነው። ሊቲየም የታዘዘለት ሰው ደሙ በየጊዜው መመርመር አለበት። ይህን ሁሉ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተመላለሰ የሚዘልቅ ስንቱ ነው? መንገድ በሚዘጋበት ሳምንትስ?

ስለዚህ ከዝና በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል፤ ሳይኮሎጂስት በምክክር ያክማል፣ መድኃኒት አያዝም። የሳይካትሪ ነርስንም መናቅ አይገባም፤ በብዙ የአገራችን ሆስፒታሎች በሽተኛውን መርምሮ ሕክምና የሚያስጀምረው እሱ ነው። የሙያ ፈቃድ ይታይ። የታዘዘው መድኃኒት በአቅራቢያው ፋርማሲ ዘወትር ይገኛል ወይ? ሐኪሙ በሌለበት ቀን ማን ያያል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐኪሙ የሚያዳምጠው በሽተኛውን ነው ወይስ ገንዘብ ይዞ የመጣውን ዘመድ ብቻ? ይህ የመጨረሻው በአንድ ቀጠሮ ይታወቃል።

ጠበል የሚሻም ይጠመቅ፤ ኪኒኑን ግን በራሱ ፈቃድ አያቁም፣ ለሐኪሙም አይደብቅ።

ይህ ሁሉ ምርጫ ግን ጊዜ ላለው ነው። ራሱን ሊያጠፋ እንደሚሻ የተናገረ ሰው በቤት ውስጥ ካለ ማማረጥ የለም፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ሌሊት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መውሰድ ነው።