የሰውን መንገድ ስለሚሸጡ ሰዎች

በአገራችን ልማድ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ «ከወዴት ትመጣለህ? ወዴትስ ትሄዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጠያቂው ግን አስቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል፤ የራሱንም መነሻ ይናገራል፤ ቤቱ ቅርብ እንደ ሆነ «ግባ፣ ቡና ቅመስ» ይላል። ተጠያቂውም ቢወድ እውነቱን ይመልሳል፤ ባይወድ «እዚሁ ቅርብ ነው» ብሎ ያልፋል። ይህች «እዚሁ ቅርብ ነው» የምትባል ቃል ትንሽ ብትመስልም የነጻ ሰው መብት በውስጧ አለ። ዛሬ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ስልክ ይህችን ቃል ከአፋችን ነጥቆናል፤ እኔም የምከራከረው ስለዚህ ነገር ነው።

የማያውቁትን ነገር መንቀፍ ደግ አይደለምና አሠራሩን አስቀድሜ ላስረዳ። ማንኛውም ተንቀሳቃሽ ስልክ ጥሪ እንዲደርሰው በአቅራቢያው ካለው አንቴና ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ የቴሌ ድርጅቱ ስልኩ በየትኛው አንቴና ሥር እንዳለ ያውቃል። ያለዚህ ስልክ ሊሠራ አይችልምና በዚህ የምወቅሰው ሰው የለኝም። ዘመናዊው ስልክ ደግሞ ከሳተላይት ምልክት ተቀብሎ ባለቤቱ የቆመበትን ስፍራ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይለያል። ይህ ዕውቀት በስልኩ ውስጥ ቢቀር ጉዳት አልነበረውም። ዳሩ ግን በስልኩ ላይ ከሚጫኑት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ይህን ወስደው ለማስታወቂያ ነጋዴዎች ያስተላልፋሉ። አንድ ሰው ጉግል ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ፣ መልሱ ከመውጣቱ በፊት፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነጋዴዎች ማስታወቂያቸውን ለማሳየት ይጫረታሉ፤ የጨረታውን ዋጋ ከሚወስኑት ነገሮች መካከል የሰውዬው ጥያቄና የቆመበት ስፍራ ይገኙበታል። የጉግል ባለቤት የሆነው አልፋቤት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ካስገባው 307 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ወደ 238 ቢሊዮን የሚጠጋው የተገኘው ከማስታወቂያ ነው። «በነጻ ነው፤ ምንም አልከፈልሁም» የሚለው የከተማችን ወጣት ይህን ቍጥር ሁለት ጊዜ ያንብበው።

«የቆምሁበትን ስፍራ ቢያውቁት ምን እጎዳለሁ? እኔ ምሥጢር የለኝም» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ ሩቅ አገር ሳልሄድ ከሸካ ደን ምሳሌ አመጣለሁ። በዚህ አገር ኮቦ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ደኑ ለእንግዳ ዓይን ባለቤት የሌለው ጫካ ይመስላል፤ የአገሩ ሰው ግን ይህ ክፍል የእገሌ ቤት ኮቦ ነው፣ ያ የእገሌ ነው ብሎ ለይቶ ያውቀዋል። ቀፎ የሚሰቅልበት ባለ ኮቦው ነው፤ ሌላው ሰው ያለ ፈቃድ አይሰቅልበትም። ንቡ የዱር ነው፤ አበባውንም የተከለው ሰው የለም፤ ቢሆንም የሌላውን ማር የቆረጠ ሌባ ይባላል። «ዛፉ አልተቆረጠብህ፤ ምን ተጎዳህ?» ብሎ በማሻ ሽማግሌዎች ፊት የሚከራከር ሰው ቢገኝ መሳቂያ ይሆናል። እንግዲህ የዛፍ ቅርንጫፍ ባለቤት ካለው፣ የሰው እግር የሚሄድበት መንገድ እንዴት ባለቤት ያጣል? ማለዳ ወዴት እንደሚወጣ፣ ከማን ቤት እንደሚያመሽ፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንደሚጸልይ፣ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲጻፍ የአንድ ሰው ኑሮ ነው። ምሥጢር የለኝም ባዩ ሚስቱ ታማበት ሚዛን ሆስፒታል ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ ለማያውቀው ነጋዴ ሄዶ ይነግር እንደ ሆነ ይመልስልኝ።

«መዝጊያ ቁልፍ አለው፤ ያልፈለገ ይዝጋው» ይባላል። እሺ። በአሜሪካ 40 ግዛቶች ነገሩን መርምረው፣ ጉግል «ዘግተነዋል» ብለው ያመኑ ሰዎችን ስፍራ በሌላ በኩል ይመዘግብ ነበር ስላሉ፣ ድርጅቱ በኅዳር 2015 ዓ.ም. 391 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ጠበቃ በሞላበት አገር ቁልፉ እንዲህ ካታለለ፣ የስምምነቱን ጽሑፍ በማያነበው ቋንቋ ተቀብሎ «እሺ» የሚለውን የሚጫን የአንድራቻ ገበሬ ምን ተስማማ ይባላል?

ለወሰዱት ነገር በምላሹ ደህና ነገር ቢሰጡን ክርክሬን ባለዘብሁ ነበር። ቦሌ ላይ ቆሞ በአቅራቢያው ያለውን መድኃኒት ቤት ለሚፈልግ ሰው ስልኩ በእርግጥ ይጠቅመዋል፤ ይህን አልክድም። ማሻ ላይ ግን ከስልኩ ይልቅ በዝናብ የተጠለለን ሰው መጠየቅ ይሻላል። የከተማችንን ስም በላቲን ፊደል ጽፎ ለፈለገ ሰው በብዛት የሚወጣለት ማሻ የምትባል የሩስያ ሕፃን ከድብ ጋር የምትጫወትበት የልጆች ፊልም ነው። (ፊልሙ ደስ ይላል፤ የጎረቤት ልጆችም ይወዱታል፤ ነገር ግን ወደ ጌጫ የሚሄደው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ድቡ አያውቅም።) ማር አቅራቢው የማሩን ዋጋ፣ ኮረሪማ ሻጩ የኮረሪማውን ዋጋ ቢጠይቅ መልስ የለም፤ ውርርድ እንዲወራረድ የሚጋብዘው ማስታወቂያ ግን ሳይጠራ ይመጣል።

ይህም የትልልቁ ስልክ ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማር የሚሸጡ አንዲት የጎረቤቴ እናት ባለ ቁልፍ ስልክ አላቸው። አንድ ቀን «ልጄ፣ ይህ ስልክ ሌሊት ሌሊት ምን ይበላል? ካርድ ሞልቼ አድሬ ጠዋት የለም» አሉኝ። ተቀብዬ ባየው፣ ስሙን ሰምተውት የማያውቁት አንድ ድርጅት የፈረንጅ እግር ኳስ ወሬ በየቀኑ እየላከ ሒሳብ ይቆርጥባቸዋል። ማንበብ አይችሉም፤ ኳስም አይተው አያውቁም። ማቆሚያው ቃል ደግሞ በእንግሊዝኛ ተጽፎ እንዲላክ ይጠይቃል። አጠፋሁላቸው። ለእኔ የቀረበው ምርቃት ለድርጅቱ ከቀረበው ንግግር ጋር በአንድ ገጽ የሚጻፍ አይደለም።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል ግን፣ አለ። በዚያን ጊዜ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት በሐምሌ 2006 ዓ.ም. 8028 የተባለውን የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው ራሱ ይደውላል፤ ጥሪው አያስከፍልም፤ ሲመዘገብ የሚኖርበትን ስፍራና የሚያመርተውን እህል ራሱ ይናገራል። የሚናገረውም በአካባቢው ተባይ ወይም ዋግ ቢነሣ ማስጠንቀቂያው ለዚያ አካባቢ ሰው እንዲላክ ነው። እዚህ ላይ ስፍራው ተጠየቀ፣ ተነገረ፣ ለባለ ስፍራውም ጥቅም ሆኖ ተመለሰ። ለማስታወቂያ ነጋዴዎች ይህ ለምን ይከብዳቸዋል? የሚከብዳቸው ተጠያቂው «እዚሁ ቅርብ ነው» ብሎ ሊያልፍ ስለሚችል ብቻ ነው።

ሕጉም ወጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰው መረጃ በአግባቡና በፈቃዱ እንዲያዝ ያዛል፤ ጠባቂነቱም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። አዋጁን ያወጡትን አመሰግናለሁ። ነገር ግን የሕግ ጽሑፍ አዲስ አበባ ላይ ስለ ታተመ በጌጫ ገበያ የሚሠራ አይደለም። እንግዲህ ባለሥልጣኑን የምጠይቀው ይህን ነው፤ አንድ ማር ቆራጭ መንገዱ ያለ ፈቃዱ የተሸጠበት እንደ ሆነ፣ በማሻ ከተማ በየትኛው ቢሮ፣ በየትኛው ቀን፣ ሸክኖኖ በሚሰማ በየትኛው ጸሐፊ ፊት አቤት እንደሚል በአደባባይ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍልን።