እውነተኛውን ፎቶ ማን ሐሰት አደረገው?

ከወለጋ የአደጋ ፎቶ በወጣ ቁጥር ሦስት መልሶች ይከተላሉ፦ «የወለጋ አይደለም»፣ «የድሮ ነው»፣ «ኤዲት ነው»። የመጀመሪያውን ቦታውን በማሳየት፣ ሁለተኛውን ቀኑን በማረጋገጥ ማፍረስ ይቻላል። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ እውነት ስለሆነ መልስ ያጣል። ፎቶውን የነካካው ደግሞ ካጁ ወገን አይደለም፤ ለተበዳዮች ቆሜያለሁ የሚለው የቻናል ባለቤት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በስናፕሲድ ወይም በላይትሩም ሻዶው ወደ ታች ይወርዳል፣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ጭሱ ይወፍራል። የወለጋ አፈር ቀይ ነው፤ ቀለሙ ትንሽ ሲገፋ እርጥብ መሬት ሁሉ ደም ይመስላል። ማንም ምንም ነገር አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ሆኖም ተመልካቹ ያየው በቦታው የነበረው ሰው ያላየውን ነው።

ማስተካከል ሁሉ ማጭበርበር ነው ማለት ግን አይደለም። በነቀምቴ እኩለ ቀን ላይ በቆርቆሮ ቤት በረንዳ ጥላ ሥር የቆመች ተፈናቃይ በስልክ ስትነሳ፣ ስልኩ ብርሃኑን ለደማቁ ሰማይ ለክቶ ፊቷን ያጠቁረዋል። ሻዶው ከፍ ሲደረግ ፊቷ ይመለሳል። ዓይን በቦታው ያየውን፣ ካሜራው የደበቀውን ማውጣት ነውና ይህ ተገቢ ሥራ ነው። ገደቡም ያለው እዚሁ ላይ ነው፦ የነበረውን እንዲታይ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ያልነበረ ድባብ መፍጠር ሌላ ነገር ነው።

ወለጋ ላይ ይህ ልዩነት የውበት ጉዳይ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞን በአስር ሺህዎች የሚቆጠሩ፣ በአብዛኛው ኦሮሞ የሆኑ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ወለጋ ተፈናቀሉ፤ ነቀምቴም ተቀበለቻቸው። በ2012 ዓ.ም. ከገና ሰሞን እስከ መጋቢት በቄለም፣ በምዕራብና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በጉሊሶ ወረዳ ጋዋ ቃንቃ፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንዳለው፣ ቢያንስ 54 ሰዎች ተገደሉ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ በአብዛኛው አማራ የሆኑ ነዋሪዎች አለቁ። ለቶሌው እልቂት መንግሥት «ሸኔ» የሚለውን ታጣቂ ቡድን ተጠያቂ አደረገ፤ ቡድኑም አልፈጸምኩም ብሎ ጣቱን ወደ መንግሥት ቀሰረ። ገዳዩ በሚካድበት፣ ጋዜጠኛ እንደልቡ በማይገባበት፣ ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ከስልክ የወጣች አንዲት ፎቶ ከምስክር አትተናነስም። ምስክር ደግሞ አንዴ ከተጋነነ ሌላው ቃሉም አይታመንም።

የፖል ሃንሰን ፎቶ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ስዊድናዊው ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 በጋዛ በአየር ድብደባ የተገደሉ ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾች ለቀብር ሲወሰዱ አነሳ፤ ፎቶውም በ2013 የወርልድ ፕሬስ ፎቶን ታላቅ ሽልማት አገኘ። የፊቶቹና የግድግዳው ብርሃን ሲኒማ መሰለና «ሐሰት ነው» የሚል ዘመቻ ተነሳ። ባለሙያዎች ዋናውን ጥሬ ፋይል መርምረው ፎቶው እውነተኛ እንደሆነ፣ የተነካውም ብርሃኑና ቀለሙ ብቻ እንደሆነ አረጋገጡ። ፎቶውን ያዳነው ጥሬው ፋይል ነው። እስከዚያ ግን ዓለም ሲያወራ የነበረው ስለ ሁለቱ ሕፃናት ሳይሆን ስለ ጥላ አወራረድ ነበር። ከወለጋ የሚወጣው ፎቶ እንዲህ ሲጠየቅ ዋናውን ፋይል አውጥቶ የሚያሳይ ስንት ቻናል አለ?

ሌላም አደጋ አለ። ሻዶው ከፍ ሲል ከኋላ በጨለማ የቆመው ሰው ፊትም ይወጣል። አንሺው በጥላ የተደበቀለትን ምስክር አዲስ አበባ ወይም ሚኒሶታ የተቀመጠ አስተካካይ «ፎቶው ይጥራ» ብሎ ያጋልጠዋል። አንዳንድ ስልኮች ላይ ያለው የማድመቂያ ብዕርም አሳላፊ ነው። ፊት ላይ ደጋግመው ቢቀቡት ጥቁር ይመስላል፤ ብርሃኑ ሲገፋ ግን ከሥሩ ያለው ፊት መልሶ ይታያል። ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ለሚኖር ሰው የዚህ ስህተት ዋጋ ሕይወት ሊሆን ይችላል።

«ካልደመቀ ሰው አያይም» የሚል ክርክር አለ። ይህ ሰበብ ነው። በጋዋ ቃንቃና በቶሌ የሆነው ነገር ማጋነኛ አያስፈልገውም። ማጋነኛ የሚያስፈልገው የተመልካች ቁጥር ነው። «ስልኩ ራሱ ኤዲት ያደርጋል» የሚሉም አሉ። ልክ ነው፤ ነገር ግን ስልኩ ወገን ለይቶ አያጠቁርም።

መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት የያዘው መረጃም ይራገፋል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ስለዚህ ዋናው እንደ ፋይል ይቀበል፣ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ቦታውን የሚናገረው መረጃ ግን ለሕዝብ አይለቀቅ። ብርሃኑ ከተስተካከለ በመላው ፎቶ ላይ በልክ ይሁን፣ ከሥሩም «ብርሃኑ ተስተካክሏል» ተብሎ ይጻፍ። ፊት ሲሸፈን በማያሳልፍ ቀለም ይሸፈን፣ ወይም ተቆርጦ ይውጣ። ይህን የማይሠራ ቻናል የተበዳይ ድምፅ ነኝ ሊል አይገባውም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የወለጋ እውነትም አንድ ቀን ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ያን ቀን ዳኛው የሚጠይቀው ስንት ሰው እንዳጋራው አይደለም፤ ዋናው ፋይል የት እንዳለ ነው።