በመርከብ መንገድ የገዛ ልብስን ማጠብ

የዕረፍት ጊዜ በደረሰ ቍጥር ሰው ስለ ትኬቱ፣ ስለ ፓስፖርቱና ስለ ገንዘቡ አብዝቶ ያስባል። በመርከብ ላይ ብዙ ቀን ሲቀመጥ ላብ የነካውን ሸሚዙን ማን እንደሚያጥብለት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ታናሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ እኛ ራሳችን ከካርቱም ተነሥተን ባደረግነው የዕረፍት ጕዞ ያፈርንበትም የተማርንበትም ጉዳይ ይኸው ስለ ሆነ፣ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋው ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሥራ ጉዳይ በካርቱም ተቀምጠን ሳለን ነበር። ጊዜው ከሱዳን ወደ ግብፅ የሚያስገባው የየብስ መንገድ በ2014 ከመከፈቱ አስቀድሞ ነው። በዚያ ዘመን መንገደኛ ከካርቱም እስከ ዋዲ ሐልፋ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ምድረ በዳውን አቋርጦ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ በሚነሣው መርከብ የአስዋን ግድብ የፈጠረውን ሐይቅ ተሻግሮ አስዋን ይገባ ነበር። ከአስዋን እስከ ሉክሶር ደግሞ ለሽርሽር በተሠሩ መርከቦች ሦስት ወይም አራት ሌሊት እያደሩ፣ ጥንታዊ መቅደሶችን እየጐበኙ መውረድ የተለመደ ነው። እኛም ያሰብነው ይህንኑ ነበር።

በመነሻችን ዋዜማ ስድስት ሸሚዞቻችንን በሰፈራችን ለሚገኝ አንድ ልብስ አጣቢ ሰጠን። በማግሥቱ በቀጠሮው ሰዓት ብንሄድ ሱቁ ተዘግቶ አገኘነው። ብንጠብቅም አልመጣም፤ አውቶቡሱ ደግሞ እኛን አይጠብቅም። ስለዚህ ከለበስነው ሸሚዝ ሌላ አንድ ብቻ ይዘን፣ ሰውየውንም በልባችን እየረገምን ተነሣን።

መርከቡ ላይ ስንወጣ ነጭ የነበረው ሸሚዛችን የአሸዋ መልክ ይዞ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ምንጣፉን ዘርግቶ አረፍ ሲል፣ እኛ እድፋችንን ለመሸሸግ ኮታችንን ቈልፈን በሙቀት እንጠበስ ጀመር። ከአጠገባችን ወደ ካይሮ ልጃቸውን ለመጠየቅ የሚሄዱ አንዲት አሮጊት ያገራችን ሴት ነበሩ። በካርቱም ዴም በሚባለው ሰፈር ብዙ ዘመን ተቀምጠው፣ በሰው ቤት ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ጥቂት ከተመለከቱን በኋላ፣

«ልጄ፣ በዚህ ሐሩር ኮት ምን ያደርጋል?» አሉን።

ሸሚዛችን እንዳደፈብን ነገርናቸው።

«ታዲያ ውሃ አለ፤ ሳሙናም እኔ ዘንድ አለ። እጅህን አሞሃል እንዴ?»

የመንግሥት ሠራተኛ መሆናችንን፣ በሰው ፊት ልብስ ማጠብም እንደሚያሳፍረን አስረዳናቸው። ሴትዮዋም ሣቅ ብለው፣ «ሰው በእድፉ ያፍራል እንጂ በማጠቡ ያፍራል? እኔ የስንቱን ባለ ሥልጣን ሸሚዝ አጥቤ ቢሮ ሰድጃለሁ። አንተ የራስህ አንዱ ከበደህ?» አሉን። የምንመልሰው አጣን። ሳሙናውን ሰጥተውን በቦታቸው ቍጭ አሉ። ተነሥተው ያጥቡልናል ብለን ጠብቀን ነበርና ጥቂት ቅር አለን። በኋላ ግን ነገሩ ገባን፤ እርሳቸውም በዚያን ቀን እንደ እኛው ዕረፍት ላይ ነበሩ።

ከእርሳቸው የተማርነውን በተራ እንጽፋለን። አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችንም እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቃል እንዳለው ማወቅ ይጠቅማል። ልብስ አስቀድሞ በሳሙና ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ እድፉ እስኪለቅ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ቀጥሎ ይታሻል፤ ይልቁንም አንገትጌው፣ ብብቱና የእጅጌው ጫፍ። ከዚያ ሳሙናው እስኪጠፋ ድረስ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ይለቀለቃል። ሳሙና የቀረበት ሸሚዝ ሲደርቅ ይደድራል፣ ሰውነትንም ያሳክካል። ቀጥሎ ይጨመቃል፤ ነገር ግን እንደ ገመድ ከመጠምዘዝ ይልቅ በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ በጕልበት መጫን ይሻላል። በመጨረሻ ይሰጣል። ይህ ቃል ገንዘብ ይሰጣል ከሚለው ጋር በጽሕፈት አንድ ቢሆንም ትርጕሙ ሌላ ነው፤ «ፀሐይ ላይ» የሚል ከፊቱ ሲገኝ ማስጣት መሆኑ ይታወቃል። በዚያ ደረቅ አየር የእኛ ሸሚዝ ብዙ ሳይቈይ ደረቀ። ስናሰጣው በእጃችን ዘርግተን ስላቃናነው ካውያም አላስፈለገውም።

ሳሙና ብቻውን አያነጻም፤ የውሃውንም ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። በካርቱም አጠገብ፣ ሙግራን በሚባለው ስፍራ፣ ከጣና የሚመጣው ዓባይና ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚመጣው ነጭ ዓባይ ይገናኛሉ። በክረምት ዓባይ ያገራችንን ደጋ አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ መልኩ ቡናማ ይሆናል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1902 በተደረገው ውል መሠረት ተቋቁሞ በ1956 ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ ወደ ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከካርቱም ይመላለሱ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦችም፣ ባሮ በሚሞላበት ወራት ይጓዙ ስለ ነበር፣ ደፍራሽ ውሃ የመንገዳቸው ባልንጀራ ነበረ። በእንዲህ ያለው ውሃ ነጭ ልብስ ቢታጠብ ይብስ ይቈሽሻል።

የሱዳን ሴቶች ግን ለዚህ መላ አላቸው። በደቡብ ኢትዮጵያ በኮንሶ ምድር ሽፈራው የምንለው ዛፍ ዘመድ የሆነውን የሞሪንጋን ፍሬ ወቅጠው በውሃው ውስጥ ያማስሉታል። አፈሩ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ እየተያያዘ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራው ውሃም ይቀዳል። ስለዚህ ሥራው ዛፉን «አጥሪው ዛፍ» ብለው ይጠሩታል።

ከእድፍ የሚከፋ ሌላም ነገር አለ። መርከብ ባረፈበት ዳርቻ እግርን ውሃ ውስጥ ነክሮ ልብስ ማጠብ ለቢልሃርዝያ ሊያጋልጥ ይችላል። የበሽታው ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ፣ ቀስ ብሎ በሚሄድ ወይም በተኛ ውሃ ውስጥ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ከካርቱም በስተ ደቡብ፣ በሁለቱ ወንዞች መካከል በሚገኘው በገዚራ የመስኖ እርሻ፣ ይህ በሽታ ብዙ ሕዝብ አስቸግሯል። ያገራችን ሊቅ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ከዚህም የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አስረዱ፤ ስለዚህም ሥራ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን አገር ተሸለሙ። እናቶቻችን ወንዝ ወርደው ሲያጥቡበት የኖሩት ነገር ለሳይንስ በር ከፈተ ማለት ነው። መንገደኛ ግን እንዶድ ፍለጋ አይሂድ፤ ከመርከቡ ቧንቧ በባልዲ ቀድቶ ይጠብ።

የመርከብ ደንብም አለ። በመኝታ ክፍል ካውያ ማስነሣት በብዙ መርከቦች ክልክል ነው፤ በመርከብ ላይ እሳት ቢነሣ መሸሻ የለምና። ልብስን በሰገነቱ ሐዲድ ላይ መስቀልም አይፈቀድም፤ ነፋስ ይወስደዋል። በታላላቅ የባሕር መርከቦች አንዳንዶቹ ለመንገደኛው የልብስ ማጠቢያ መኪና ያዘጋጃሉ። በጨው ውሃ ግን ተራ ሳሙና አረፋ እንደማያወጣ ማወቅ ይገባል። ይህንን የተገነዘቡ መርከበኞች ከኮኮነት ዘይት የተሠራ ሳሙና ይይዙ ነበር።

አስዋን ስንደርስ ከሴትዮዋ ጋር ተመራርቀን ተለያየን። በሽርሽሩ መርከብ ክፍላችን ውስጥ ለእያንዳንዱ ልብስ ማጠቢያ የሚከፈለው ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት አገኘን። አንብበን በቦታው መለስነው፤ ማታ ማታም አንዱን እያጠብን፣ ሌላውን እየለበስን ጕዟችንን ፈጸምን።

ወደ ካርቱም በተመለስን ጊዜ ያን አጣቢ ለመገሠጽ ቃላችንን አሰናድተን ሄድን። ስድስቱ ሸሚዞች ታጥበው፣ ተተኵሰው፣ በወረቀት ተጠቅልለው ቈዩን። ልጁ ታሞበት ሐኪም ቤት አድሮ ኖሯል። ዋጋውን ግማሽ ብቻ ክፈሉ አለን፤ እኛ ግን ሙሉውን ከፍለን ስለ ልጁ ጤና ጠየቅነው። ሸሚዝ ማጠብ ምን ያህል ወገብ እንደሚያደክም አውቀን ነበርና የተሰናዳው ተግሣጽ ከአፋችን አልወጣም።

በ2023 በሚያዝያ ወር በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፣ በዴም ይኖሩ የነበሩትን ያገራችንን ሰዎች ጨምሮ አያሌ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። ያ ልብስ አጣቢና እኒያ እናት ዛሬ የት እንዳሉ አላወቅንም። ጓዛችንን በምናሰናዳበት ጊዜ ሁሉ ግን አንድ ሳሙና አስቀድመን እናስገባለን፤ በዚያም ጊዜ ሁለቱን እናስታውሳቸዋለን።