የሦስት ቀን እንግዳ በሆንግ ኮንግ

በአማርኛ የጉዞ ጽሑፋችን ውስጥ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። ጸሐፊው ወደ አንዲት የእስያ የወደብ ከተማ ይሄዳል፤ ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ፎቅ ይቆጥራል፤ የጎዳናውን ንጽሕና ያደንቃል፤ የባቡሩን ፍጥነት በደቂቃ ይለካል፤ በመጨረሻም «እኛስ መቼ ይሆን?» ብሎ በረጅሙ ይተነፍስና ጽሑፉን ይዘጋል። ከተማዋ ሲንጋፖር ብትሆን፣ ሻንጋይ ብትሆን፣ ሆንግ ኮንግ ብትሆን ለውጥ የለውም። ስሟን ፍቆ የሌላዋን ስም ቢጽፍበት አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ ከቦታዋ አትነቃነቅም።

ይህን ዓይነት ጽሑፍ እቃወማለሁ። የምቃወመው ስለሚያደንቅ አይደለም፤ ማድነቅ የሰው ወግ ነው። የምቃወመው አድናቆቱ ንጹሕ ስላልሆነ ነው። ከሩቅ የመጣ ሥዕል አገር ቤት ሲገባ ክርክር ይሆናል፤ ክርክሩም ውሎ አድሮ የሰው ቤት ያፈርሳል። ስለዚህ ሥዕሉ ከየት ቆሞ እንደተነሣ መጠየቅ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሥራ ነው እላለሁ። ምሳሌዬ እኔ ራሴ ለአራት ቀን ያየኋት ሆንግ ኮንግ ናት። አራት ቀን አንዲትን ከተማ ለማወቅ አይበቃም፤ ለመጠየቅ ግን ይበቃል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዳ ሁሉ በመጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ቪክቶሪያ ተራራ ነው። ከ1888 ጀምሮ ቁልቁለቱን በገመድ እየተሳበ የሚወጣ ባቡር አለ። ከላይ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች፣ በመካከል የወደቡ ውኃ፣ ማዶ ደግሞ ኮውሉን ይታያል። በየመጽሔቱና በየስልኩ የምናየው ፎቶግራፍ ይህ ነው። ውብ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያ መቆሚያ የራሱ ታሪክ አለው። በ1904 የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ባወጡት ሕግ መሠረት ቻይናውያን በዚያ ተራራ ላይ እንዳይኖሩ ተከልክለው ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1946 ነው። ለአርባ ዓመት ያህል ያን ቁልቁል እይታ እንደ ራሳቸው ደጅ የያዙት ከታች ካለው ሕዝብ ጋር ላለመጎራበት የወሰኑ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። የዛሬው እንግዳ ትኬት ቆርጦ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል፤ የሚያየውም እነርሱ ያዩትን ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ጣሪያና መስታወት ይታያል፤ ሰው አይታይም።

ሰውን ለማየት መውረድ ያስፈልጋል። ከሴንትራል ወደ ጺም ሻ ጹይ የሚያሻግሩት የስታር ፌሪ ጀልባዎች አረንጓዴና ነጭ የተቀቡ አሮጌ ነገሮች ናቸው፤ ኩባንያው በዚህ ስም የሚጠራው ከ1898 ጀምሮ ነው። ጀልባው ሁለት አፍ አለው፤ ማዶ ሲደርስ ዞሮ መመለስ አያስፈልገውም። የእንጨት ወንበሮቹ መደገፊያ ግራና ቀኝ ስለሚገለበጥ ተሳፋሪው ወደ ፈለገበት አቅጣጫ አዙሮ ይቀመጣል። ከውኃው ሥር ከ1972 ጀምሮ የመኪና መንገድ፣ ከ1980 ጀምሮ ደግሞ የምድር ባቡር ያልፋል፤ ሕዝቡ ግን ጀልባውን አልተወውም። እስከ ዛሬም ከከተማዋ ርካሽ መጓጓዣዎች አንዱ ነው።

የሦስት ቀን እንግዳ ይህን ጀልባ «ጥንታዊ ውበት» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። በ1966 ለአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪ አምስት ሳንቲም ሊጨመር ሲል ግን አንድ ወጣት ጃኬቱ ላይ ተቃውሞውን በእጁ ጽፎ በጀልባው ማረፊያ የረሃብ አድማ ተቀመጠ። እርሱ ሲታሰር ቁጣው ወደ ጎዳና ወጣ፤ ለቀናት ብጥብጥ ሆነ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ኋላ የተሾመው አጣሪ ኮሚሽን ከሳንቲሙ በስተጀርባ የቆየ የኑሮ ምሬት መኖሩን ለመመርመር ተገደደ። የከተማዋ ዘመናዊ ታሪክ የሚነበበው በፎቆቿ ቁመት ብቻ አይደለም፤ በዚያች አምስት ሳንቲምም ይነበባል።

በፎቶግራፉ ላይ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ወደብም ቢሆን በሙግት የተረፈ ውኃ ነው። ሆንግ ኮንግ ለረጅም ዘመን ባሕሯን በአፈር እየደለደለች መሬት ስታወጣና ስትሸጥ ኖራለች፤ ወደቡም ከዓመት ወደ ዓመት ጠበበ። ነዋሪዎች ተደራጅተው ተቃወሙ፤ በ1997 ወደቡን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ በ2004 ደግሞ የመጨረሻው ይግባኝ ፍርድ ቤት ከሁሉ የሚበልጥ የሕዝብ ጥቅም ካልተረጋገጠ በቀር ወደቡን መደልደል አይፈቀድም ሲል ወሰነ። ሁሉንም ግን አላዳኑም። በ1957 የተሠራው የሴንትራል የጀልባ ማረፊያ በኅዳር 2006 ተዘጋ፤ በማግሥቱ ወር፣ ሰዎች እየጮኹና እያለቀሱ፣ የሰዓት ማማው ፈረሰ። አጠገቡ የነበረውን ኩዊንስ ፒር የተባለ ማረፊያ ለማዳን ወጣቶች በ2007 ውስጡ አደሩ፤ ፖሊስ አስወጣቸው፤ እርሱም ቀረ። ከ2020 የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ወዲህማ አደባባይ ወጥቶ መቃወም እንደ ቀድሞው አይደለም። እንግዲህ እንግዳው «እነሱ የት ደረሱ!» ብሎ የሚያደንቀው አዲስ የወደብ ዳርቻ ለነዋሪው በከፊል የሐዘን ቦታ ነው።

«ታዲያ ዕድገቱ ውሸት ነው ወይ?» ብሎ የሚሞግተኝ አንባቢ ይኖራል። ውሸት አይደለም። ነገር ግን ዕድገቱን የሚያደንቅ ሰው ሙሉውን ያድንቅ። በ1953 የገና ሌሊት ሼክ ኪፕ ሜይ በተባለው የጎጆ ሰፈር እሳት ተነሥቶ ከ50,000 በላይ ሰው ቤት አልባ አደረገ። የቅኝ ገዥው መንግሥት ተገድዶ ለተቃጠለባቸው ቤት መሥራት ጀመረ። ከዚያ ጅማሬ የተነሣ ዛሬ ከአሥር የሆንግ ኮንግ ነዋሪ ከአራት በላይ የሚሆነው የሚኖረው መንግሥት በሚያከራየው ወይም በድጎማ በሸጠው ቤት ነው። የነጻ ገበያ ምሳሌ ተብላ የምትጠቀሰው ከተማ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ሕዝቧን ያስጠለለችው በመንግሥት ጣሪያ ሥር ነው! ያም ሆኖ ከ200,000 በላይ ሰዎች ዛሬም በቀጭን ግድግዳ በተከፋፈሉ፣ ምድጃውና መጸዳጃው በተጎራበቱባቸው ጠባብ ክፍሎች ይኖራሉ። እነዚህ ሁለት እውነቶች ከቪክቶሪያ ተራራ ላይ አይታዩም። በእኛ የጉዞ ጽሑፎችም ውስጥ ፈልጌ አጥቻቸዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን እሑድ ያየሁት ነው። እሑድ በሴንትራል፣ ቻተር የተባለው ጎዳና ለመኪና ይዘጋል። ከታላላቆቹ ባንኮች ሥር፣ በድልድዮቹ ላይ፣ በየደረጃው፣ ሴቶች ካርቶን አንጥፈው ይቀመጣሉ። ምሳ ይካፈላሉ፤ ጸጉር ይሠራራሉ፤ ይጸልያሉ፤ ካርታ ይጫወታሉ፤ በስልክ መስኮት ከልጆቻቸው ጋር ይስቃሉ፤ ወደ አገራቸው የሚልኩትን ዕቃ ይሸክፋሉ። አብዛኞቹ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ የመጡ የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ በከተማዋ ቁጥራቸው ከ300,000 ይበልጣል። በውላቸው መሠረት በአሠሪያቸው ቤት ማደር ግዴታቸው ነው። ሌላው የውጭ አገር ሰው ሰባት ዓመት ከኖረ ቋሚ ነዋሪነት ሊጠይቅ ይችላል፤ እነርሱ ግን ሃያ ዓመትም ቢያገለግሉ አይችሉም፤ በ2013 የመጨረሻው ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህንኑ አጽንቷል። የፎቆቹን ወለል የሚወለውሉ፣ የባለ ፎቆቹን ልጆች የሚያሳድጉ እጆች የእነርሱ ናቸው።

አንድ የጉዞ ጸሐፊ ይህን ሕዝብ «የጎዳናውን ውበት የሚያበላሽ ግርግር» ቢለው ይሻለኛል፤ ቢያንስ አይቶታል። የከፋው ጨርሶ አለማየት ነው። በተለይም ኢትዮጵያዊ ሆኖ አለማየት! እኅቶቻችን በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በኩዌት ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። በ2020 የሊባኖስ ኑሮ ሲናጋ አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው ቤይሩት ባለው ቆንስላችን ደጅ የጣሏቸውን ሴቶች ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አይቷል። ያን ያየ ኢትዮጵያዊ በሴንትራል ጎዳና ካርቶን ላይ የተቀመጡትን ሴቶች በምን ልብ ያልፋቸዋል?

ቆሞ ለሚያይ ሰው እዚያ ብዙ የሚማረው አለ። የሆንግ ኮንግ ሕግ ከሰባት ቀን አንዱን የዕረፍት ቀን አድርጎ ለቤት ሠራተኛ ይሰጣታል። እውነት ነው፣ ሕጉ ይጣሳል፤ ደመወዛቸውም ትንሽ ነው። ነገር ግን ያ አንድ ቀን በመኖሩ ሴቶቹ ይገናኛሉ፤ በመገናኘታቸው ማኅበር አቋቁመዋል፤ የተበደለችው ለጓደኛዋ ትነግራለች፤ ጓደኛዋ ደግሞ መብቷን የምታውቅ ሴት ታሳያታለች። በከፋላ ሥርዓት በር ተቆልፎባት ለምትኖር ልጅ ትልቁ ሕመም ብዙ ጊዜ ብቻነቷ ነው። ስለዚህ እላለሁ፦ ከሆንግ ኮንግ አንድ ነገር ብቻ ተሸክሞ መምጣት ቢፈቀድልን፣ ያንን እሑድ እናምጣው። ሴቶቻችንን ለመላክ ውል በምንፈራረምበት ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠው። ደግሞም ሩቅ ሳንሄድ፣ በአዲስ አበባ በየጓዳችን ለምትሠራው ልጅ እሑድ አላት ወይ ብለን እንጠይቅ።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን የምወቅስበት ሌላም ነገር አለኝ። አንዲትን ከተማ የራሷ ጸሐፊዎች ቀድመው ጽፈዋታል። ሊው ዪቻንግ በ1972 አንድ አዛውንትና አንዲት ወጣት በዚያች ከተማ ጎዳና ሳይተዋወቁ ሲተላለፉ የሚያሳይ ሥራ በጋዜጣ አውጥቷል፤ እርሱ ያለፈውን እያሰበ፣ እርስዋ የሚመጣውን እያለመች። የፊልም ሠሪው ዎንግ ካር ዋይ በ2000 ላወጣው ዝነኛ የፍቅር ፊልም መነሻ ከሆኑት አንዱ ይኸው ነው። በ2022 ያረፈችው ሺ ሺ «የእኔ ከተማ» የተባለውን ልብ ወለዷን በ1975 በጋዜጣ ስታወጣ ከገጸ ባሕርያቷ አንዱን ያደረገችው የስልክ መስመር የሚጠግን ወጣት ነው። የከተማዋ ጸሐፊዎች ከተማቸውን ያዩት በሠራተኛውና በመንገደኛው በኩል ከሆነ፣ እኛ በሦስት ቀን ጉብኝት ከየት ያመጣነው ሥልጣን ነው ሰውን ሰርዞ መስታወት ብቻ የሚያስጽፈን?

ወደ እስያ እየተመለከቱ ራስን መመርመር ለእኛ አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 መልእክተኛ ሆነው ጃፓን ሄደው በማግሥቱ ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳትመዋል። በድምዳሜያቸው የማይስማማ ይኑር፤ ሥራቸው ግን አንድን አገር በመጽሐፍ ልክ ለማወቅ የሚደክም ሥራ ነው። ከዘጠና ዓመት በኋላ ከእርሱ ያነሰ ጥያቄ ይዞ መመለስ ያሳፍራል።

ይህ ሁሉ የጽሑፍ ጣዕም ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምኩ። ነገር ግን በ2024 የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ «የእስያን ከተሞች አላያችሁም?» የሚል መልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አላየናቸውም! ያሳዩን ከተራራ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ቢያሳዩንማ ኖሮ፣ ስለ አንድ የሰዓት ማማ ያለቀሱ ሰዎችን፣ ስለ ባሕር የተሟገተ ነዋሪን፣ ከእሳት በኋላ የተሠራ የድኻ ቤትን ባየን ነበር፤ ለሚፈናቀለውም ሰው ያንኑ ያህል ሙግትና ያንኑ ያህል ጣሪያ በጠየቅንለት ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ የሰው መስታወትም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ነገ ከሻንጋይ፣ ከሲንጋፖር ወይም ከሆንግ ኮንግ ተመልሶ የጉዞ ማስታወሻ ለሚያስነብበን ወንድም ሦስት ጥያቄ አቀርባለሁ። ያን ወለል ማን ወለወለው? በዚያ ቦታ ላይ ቀድሞ ምን ነበር? ነዋሪው ሲፈርስ ምን አለ? መልሱን ይዞ ከመጣ፣ ሦስት ቀን ቢሰነብትም ጽሑፉን በደስታ አነባለሁ።