ሒሳቡን ሳያውቁ መሣሪያውን ማዘዝ

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚያሻግረው መንገድ ተጉዞ ወንጪ ለደረሰ ሰው፥ ሐይቁ ከአፋፉ በታች በጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ተኝቶ ይታየዋል። ስለ ውበቱ ብዙ ተብሏል፤ መንደሩም በ2014 ዓ.ም. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። እኛ ዛሬ ወደ ወንጪ የምንወርደው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

ጉም በሸፈነው ጧት ወደ ሐይቁ የሚወርድ ባላገር ውሃው አይታየውም። ሆኖም መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ በእግሩ ዳስሶ ያውቃል፤ ወደዚያ ይራመዳል፤ ደግሞም ይዳስሳል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሺ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 የገለጸው ዘዴ በመሠረቱ ይኸው ነው። ዛሬም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ የሚማረው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው፤ የሚወርድበት ገደል ግን የራሱ ስሕተት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ለ2 ሰዓት የፈረስ ኪራይ ትክክለኛው ዋጋ 400 ብር ነው እንበል። መሣሪያው የሰዓቱን ዋጋ 150 ብሎ ቢጀምር 300 ይገምታል፤ በ100 ብር ይሳሳታል። የስሕተቱ ካሬ ዴሪቫቲቭ፥ ማለትም የቁልቁለቱ ልክ፥ ሲሰላ ከዜሮ በታች 400 ይሆናል። ርምጃው 0.1 ከሆነ 150 የነበረው 190 ይሆናል፤ ግምቱም 380 ይደርሳል። በሚቀጥለው ርምጃ 396 ይሆናል። ስሕተቱ ከ100 ወደ 20፥ ከ20 ወደ 4 ወረደ ማለት ነው። ርምጃው 0.3 ቢሆን ግን ግምቱ ዘልሎ 540 ይሆናል፤ ቀጥሎም ወደ 204 ይወድቃል፤ ስሕተቱም ከ100 ወደ 140፥ ከ140 ወደ 196 እየሰፋ ይሄዳል።

ሒሳቡ ተዘጋጅቶ በላይብረሪ ውስጥ ተቀምጧልና እኛ ማዘዝ ብቻ ይበቃናል የሚሉ ብዙ ወጣት የሶፍትዌር ሠሪዎች አሉ። እርግጥ ነው፥ ትእዛዙ ሁለት መስመር አይሞላም። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ስሕተቱ መስፋት ሲጀምር ሒሳቡን የማያውቀው ሰው የበለጠ ጉልበት ያለው ኮምፒዩተር ይግዛልኝ ይላል። በሽታው ግን ያለው በአንዲት ቁጥር ላይ ነው።

ከዴሪቫቲቭ ሌላ የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው። ሰዓቱን፥ ጭነቱንና የመንገዱን ርቀት በአንድነት ደርድሮ ለማስላት ቬክተርና ማትሪክስ ያሻል። ከተሰበሰበው መረጃ ተነሥቶ ስላልታየው ለመናገር ደግሞ ፕሮባብሊቲ ያሻል። ዋጋውን በበጋ ብቻ የተማረ መሣሪያ በክረምት ጭቃ ቢሳሳት ጥፋቱ የፈረሱ አይደለም።

በፈረስ ኪራይ መሳሳት ቀላል ነው። ነገ ግን እንዲህ ያለው መሣሪያ ለገበሬው ብድር ይገባዋል አይገባውም ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ያን ጊዜ ገበሬው ለምን ተከለከልሁ ብሎ ቢጠይቅ፥ መሣሪያው እንዲህ አለ የሚለው መልስ የባለሙያ መልስ አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በአገራችን ተጀምሯል፤ የሚያስመሰግን ነው። እንግዲህ አስተማሪዎች ሁሉ፥ በአምቦም ሆነ በሌላው ከተማ፥ ተማሪው ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት እንዲህ ያለውን ትንሽ ስሌት በእርሳስና በወረቀት እንዲሠራ ቢያደርጉ መልካም ነው። የሚፈለገው የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ወጣቶች ሆይ፥ ቁልቁለቱን በእግራችሁ ሳትዳስሱ ሌላውን ሰው ይዛችሁ በጉም ውስጥ አትውረዱ።