ከማባዛታችን በፊት ዛፉን እንሣል

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። በዲፓርትመንታችን ግን ፕሮባቢሊቲ ሲነሣ ሥሩን የሚፈልግ ተማሪ ጥቂት ነው። ጥያቄው ላይ «እና» የሚል ቃል ካየን እናባዛለን፤ «ወይም» የሚል ካየን እንደምራለን፤ አለቀ! ትሪ ዳያግራም ወይም የዛፍ ሥዕል የሚባለውንማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነገር፣ ለጀማሪ የተሰጠ ምርኩዝ አድርገን ነው የምናየው። እኔ በበኩሌ በዚህ አልስማማም። የዛፍ ሥዕል ፎርሙላው የሚሸፍነውን ነገር ገልጦ ያሳያል፤ ስለዚህ ኮሌጅ ስንገባ ይበልጥ ልንይዘው ይገባል ባይ ነኝ።

ከቀላሉ እንነሣ። በአንድ ካርቶን ውስጥ 10 የባትሪ ድንጋዮች አሉ እንበል፤ 7ቱ ደህና ናቸው፣ 3ቱ ሞተዋል። ሬዲዮናችን 2 ድንጋይ ይፈልጋል። ሳናይ ሁለት ብናወጣ፣ ሁለቱም ደህና የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው? የቸኮለ ሰው 7/10ን በ7/10 አባዝቶ 49/100 ይላል። ዛፍ የሚሥል ሰው ግን የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ጨርሶ ሁለተኛው ላይ ቁጥር ሊጽፍ ሲል እጁ ይቆማል። «አሁን ካርቶኑ ውስጥ ስንት ቀረ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። የቀሩት 9 ናቸው፤ ከነሱም ደህናዎቹ 6። ስለዚህ 7/10 በ6/9 ይባዛና 42/90 ይመጣል።

አንዱ ብቻ ደህና የመሆኑ ዕድልስ? ዛፉ ላይ ሁለት መንገዶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ደህናው ቀድሞ የሞተው ሲከተል 21/90 ነው፤ የሞተው ቀድሞ ደህናው ሲከተልም 21/90 ነው፤ ድምሩ 42/90። ዛፍ ያልሣለ ተማሪ አንዱን መንገድ ረስቶ ግማሹን መልስ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱም የሞቱ የመሆናቸው ዕድል ደግሞ 6/90 ነው። 42፣ 42 እና 6 ሲደመሩ 90 ስለሚሞሉ የረሳነው መንገድ አለመኖሩን እዚያው ወረቀታችን ላይ እናረጋግጣለን።

«የሬዲዮ ድንጋይ ነገር ነው፤ ቢሳሳቱስ ምን ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። እንግሊዝ አገር የደረሰውን እንይ። ሳሊ ክላርክ የተባለች ጠበቃ ሁለት ጨቅላ ወንዶች ልጆቿ፣ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 ሌላው በ1998፣ ሞተውባት «ገድለሻቸዋል» ተብላ ተከሰሰች። በ1999 ችሎት ላይ ሮይ ሜዶው የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ለምስክርነት ቀረቡ። እንደ እሷ ባለ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ጨቅላ ምክንያቱ ባልታወቀ ድንገተኛ ሞት የመሞቱ ዕድል ከ8,543 አንድ ነው፤ የሁለቱ ደግሞ ይኸው በራሱ ሲባዛ ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው አሉ። ሴትዮዋ ጥፋተኛ ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት።

እስቲ ዛፉን እንሣለው። የመጀመሪያው ልጅ በድንገተኛ ሞት ሞቷል ብለን ሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ ስንደርስ ቁጥሩ አሁንም 1/8,543 ነው ወይ? ልጆቹ ወንድማማቾች ናቸው። የእናት አባታቸው ደም አንድ ነው፤ ቤታቸውም አንድ ነው። አንዱን ለሞት ያጋለጠ የማይታወቅ ምክንያት ካለ ሌላውንም ሊያጋልጥ ይችላል። ሁለተኛው ቅርንጫፍ የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይገባ ነበር። በ2001 የእንግሊዝ ሮያል ስታቲስቲካል ሶሳይቲ ያ ማባዛት መሠረት የሌለው መሆኑን በይፋ ተናገረ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ንጹሕ የመሆኗ ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ማለት አይደለም። ዛፉ ሌላም ጫፍ አለው፤ አንዲት እናት ሁለት ጨቅላ ልጆቿን የምትገድልበት ጫፍ። እሱም ቢሆን እጅግ ብርቅ ነገር ነው። ልጆቹ አንዴ ከሞቱ በኋላ ጥያቄው ከነዚህ ብርቅ ጫፎች የትኛው ይበልጣል የሚል ነው። አንዱን ጫፍ ብቻ ለይቶ «ይህ ብርቅ ነው!» ማለት ምንም አያስረዳም። ሴትዮዋ ከሦስት ዓመት በላይ ታስራ በ2003 በይግባኝ ነጻ ወጣች። ዋናው ምክንያት ለመከላከያ ጠበቆቿ ሳይገለጽ የቀረ የላቦራቶሪ ውጤት ነበር፤ ይሁንና ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የዚያን ቁጥር አቀራረብም ነቅፎታል። በ2007 ሞተች።

ጫፎችን ማነጻጸር ለሐኪም ቤትም ይሠራል። ከ1,000 ሰው 10ሩ አንድ በሽታ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት 10 ሰዎች 9ኙን ያገኛል፤ ከጤነኞቹ 990 ሰዎች ደግሞ 99ኙን በስሕተት «አለባችሁ» ይላል። «አለብህ» የተባለ ሰው በእርግጥ የታመመ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? ብዙ ሰው 90 በመቶ ይላል። ዛፉ ላይ ግን «አለባችሁ» የተባሉት 9 ሲደመር 99፣ ማለትም 108 ናቸው፤ ከነሱ የታመሙት 9 ብቻ። ከ12 አንድ ማለት ነው! ጌርድ ጊገሬንዘርና ኡልሪክ ሆፍራገ በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች እንዲህ ያለው ጥያቄ በመቶኛ ፈንታ በሰው ቁጥር ሲቀርብላቸው ትክክለኛውን መልስ ይበልጥ እንደሚያገኙ አሳይተዋል። የዛፍ ሥዕል ቅርንጫፎቹ ላይ የሰው ቁጥር ሲጻፍበት የሚሰጠን ይህንኑ ነው።

«ዛፉ ሲበዛ ጫካ ይሆናል» የሚሉ ጓደኞቼም አልተሳሳቱም። ሳንቲም 10 ጊዜ ብንወረውር 1,024 ጫፎች ይኖሩናል፤ ያንን የሚሥል የለም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደረጃዎች መሣል የሚከለክለን የለም። እዚያ ድረስ የተረዳ ሰው ፎርሙላው ለምን እንደሚያባዛ ያውቃል፤ የቀረውን በፎርሙላ ቢጨርሰው አይሳሳትም። «ፈተና ላይ ጊዜ ይወስዳል» ለሚሉትም፣ ሁለት ደረጃ ያለውን ዛፍ ለመሣል የሚበቃው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ፈተና ሲታረም በትክክል ለተሣለ ዛፍ የመጨረሻው ቁጥር ባይመታ እንኳ የተወሰነ ነጥብ ይሰጥ፤ ማርክ ያለበትን ነገር ተማሪ ይሠራዋልና። ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ይህን እላለሁ፦ ሁለት ቁጥሮች ከማባዛታችን በፊት ሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ ቆም ብለን «የመጀመሪያው ከሆነ በኋላ ይህ ቁጥር ያው ነው ወይ?» እንበል። ነገ ከነዚህ ቁጥሮች ጀርባ በሽተኛ ወይም ተከሳሽ ይኖራል። ቸር ይግጠመን።