ስለ ማዳጋስካር ጥንታዊ እንቍራሪት

ልጆች ስለ አራዊት ሲነገራቸው ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «ምን ያህላል?» ብለው ነው። አባትም ልጆቹን ደስ ለማሰኘት ሲል በመልሱ ላይ ጥቂት ይጨምርበታል፤ የሰማው ልጅም በበኩሉ ጨምሮ ለባልንጀራው ያወራዋል። ስለዚህ ልጆችን ደስ የሚያሰኝ፣ ልክንም የሚያስተምር የአንድ እንቍራሪት ነገር ዛሬ እንጽፋለን።

በማዳጋስካር ደሴት በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሊቅ ዴቪድ ክራውዝና ባልደረቦቹ ምድር ሲቈፍሩ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የእንቍራሪት አጥንት ስብርባሪ አገኙ። ዕድሜውም 70 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ስብርባሪውን እየለቀሙና እያገጣጠሙ ብዙ ዓመት ከቈዩ በኋላ፣ ከእንግሊዝ አገር ሊቃውንት ከሱዛን ኤቫንስና ከማርክ ጆንስ ጋራ ሆነው በ2008 ዓ.ም. ለዓለም አስታወቁ። ስሙንም ቤልዘቡፎ አምፒንጋ አሉት። የፊተኛው ስም በወንጌል የአጋንንት አለቃ ከተባለው ከብዔል ዜቡልና በላቲን ጓጉንቸር ማለት ከሆነው ከቡፎ የተገጣጠመ ነው። አምፒንጋ ግን በማዳጋስካር ቋንቋ ጋሻ ማለት ሲሆን፣ ይህም የተባለበት ምክንያት የራሱ አጥንት ወፍራምና ሸካራ በመሆኑ ነው። አፉም እጅግ ሰፊ ስለ ነበረ፣ አድፍጦ ያገኘውን ሁሉ ሲውጥ፣ ከእንቍላል አዲስ የወጡትን የዳይኖሰር ግልገሎች እንኳ ሳይበላ አልቀረም ተብሎ ተገመተ።

በዚያን ጊዜ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር እንደሚያልፍ፣ ክብደቱም 4 ኪሎ ተኩል ያህል እንደሚሆን ተጻፈ። በምድር ላይ ከኖሩት እንቍራሪቶች ሁሉ ሳይበልጥ አይቀርም ተብሎም ወሬው በየአገሩ ተሰማ። ሊቃውንቱ ግን በዝናው ረክተው አልተቀመጡም። ሌላ የተሻለ አጥንት በተገኘ ጊዜ እንደ ገና ለክተው፣ ትልቁ እንኳ ከ23 ሴንቲ ሜትር ብዙ እንደማያልፍ በ2014 ዓ.ም. ገለጡ። ታላቅነቱም በካሜሩንና በኤኳቶሪያል ጊኒ ወንዞች ለሚኖረው፣ 30 ሴንቲ ሜትር ለሚያህለው፣ ጎልያድ ለሚባለው እንቍራሪት ተመለሰ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። የፊተኛውን ግምት የጻፉት ሦስቱ ሊቃውንት በኋለኛው ጽሑፍም ስማቸው አለ። ዳኛ አዲስ ምስክር ሲቀርብለት ነገሩን እንደሚመረምር፣ እነርሱም አዲስ አጥንት ሲያገኙ ቃላቸውን አሻሻሉ፤ በዚህም ክብራቸው አልጐደለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የተባለው ይህ ነው። ልጅም ይህን ከአባቱ ቢማር፣ የተናገረውን ማረም እንደ ውርደት አይቈጥረውም።

ልጁ ቀጥሎ «ዛሬስ የት ይገኛል?» ቢል፣ ዘሩ ጠፍቷልና የትም አይገኝም። አጥንቱ ድንጋይ ሆኖ ቢተርፍም ድምፁን የሚያሰማን የለም። በ2023 ዓ.ም. በታተመው ምርመራ መሠረት፣ ከእንቍራሪትና ከመሰሎቹ ወገን በየመቶው 41 ያህሉ ዘር ለመጥፋት ያሰጋል። በአገራችንም በባሌ ተራራዎች፣ በሌላ ምድር ፈጽሞ የማይገኙ እንቍራሪቶች አሉ፤ ደኑ ሲመነጠር መኖሪያቸው ይጠፋል።

እንግዲህ ልጆች በወንዝ ዳር እንቍራሪት አግኝተው ድንጋይ ሲወረውሩ ያየ ወላጅ፣ ነገሩን እንደ ቀላል ጨዋታ አይለፈው። የወደቀ ቤት ይሠራል፤ የጠፋ ዘር ግን አይመለስም ብሎ ያስተምራቸው።